ሕመምተኛውም ይጠየቅ

አንዲት ጎረቤታችን የአእምሮ ሕመም ያደረበትን ልጇን ወደ ጤና ጣቢያ ስትወስድ አብረናት ሄደን ነበር። ሐኪሙ ጠየቀ፤ እናቲቱ መለሰች፤ እኛም የጎደለውን ሞላን። ልጁ በመካከላችን ተቀምጦ አንድ ቃል እንኳ ሳይናገር መድኃኒት ታዘዘለትና ወጣን። ሁለት ወር ሳይሞላ መድኃኒቱን ተወ፤ ሕመሙም ከፊተኛው ብሶ ተመለሰበት። ቤተ ሰቡ «እንቢተኛ ነው» አለ፤ እኛም ከዚያ የተሻለ ቃል አልተናገርንም።

ምክንያቱን የሰማነው ኋላ ሲረጋጋ ከራሱ አፍ ነው። «መምህር፥ እጄ እየተንቀጠቀጠ ብዕር መያዝ አቃተኝ። ደግሞም ዐቢይ ጾም ገባ፤ ኪኒኑ የታዘዘው ለጧት ነው። ማን ጠየቀኝ?» አለን። የእጅ መንቀጥቀጥ ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ የሚያመጡት የታወቀ ነገር ነው፤ ሐኪም ካወቀው መጠኑን ይቀንሳል ወይም መድኃኒቱን ይለውጣል። የመዋጫውም ሰዓት ብዙ ጊዜ ወደ ማታ ሊዛወር ይችላል።

የሕክምና ዕቅድ ስንል እንግዲህ የኪኒን ስም ብቻ ማለታችን አይደለም። ሕመሙ ሊመለስ ሲል ምን ምልክት ይታያል (አንዱ እንቅልፍ ያጣል፥ ሌላው ከሰው ይሸሻል)፤ በዚያን ጊዜ ማን ይጠራ፤ ሕመምተኛው ማንን ያምናል፤ ምን እንዲደረግበት አይወድም፤ ወደ ሥራው እንዴት ይመለስ፤ ይህ ሁሉ ደኅና ሳለ ከእርሱ ጋር ተመክሮ የሚጻፍ ነው፤ ሕመሙ ሲጸና መናገር ይሳነው ይሆናልና። ጠበል የሚጠመቅ እንደ ሆነም ለሐኪሙ ይንገር። መጠመቅና መድኃኒት መዋጥ አብረው ሊሄዱ ሲችሉ፥ አንዱን ደብቆ ሌላውን ያቋረጠ አይተናል።

ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት፥ የቆየ የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውን ጭምር፥ በሚመለከታቸው ውሳኔ እንዲማከሩ ያዛል። በጉራጌ አገር በሶዶ ወረዳ ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸውን ሰዎች ከጤና ጣቢያው ሕክምና በተጨማሪ የሠለጠኑ ሠራተኞች በየቤታቸው እየሄዱ ከእነርሱና ከቤተ ሰባቸው ጋር ሠርተው ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. የወጣው የጥናቱ ውጤት እንዳሳየው፥ የዕለት ኑሯቸውን ለማከናወን የነበረባቸው ችግር ሕክምናውን ብቻ ካገኙት ይልቅ ቀንሷል።

ስለ እናቲቱም የምንናገረው አለን። ስለ ልጇ ብዙ ስትናገር፥ እርሷ ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንዳላየች ግን የጠየቃት አልነበረም፤ ከጎኗ የተቀመጥነው እኛም አልጠየቅናትም።

በሁለተኛው ጊዜ ልጁ አስቀድሞ ብቻውን ገባ፤ እናቲቱ ቀጥላ ገባች፤ እኛ በደጅ በአግዳሚው ላይ ቆየን። ሲወጡ ኪኒኑ ለማታ ተዛውሯል፤ በገበያም ቀን አጎቱ ከእርሱ ጋር እንዲውል፥ ልጁ ራሱ መርጦ፥ በወረቀቱ ላይ ተጽፏል።