ተራ የማይጠብቀውን ሰንጠረዥ ለኮምፒውተር እንዴት እናስተምረው?

ስልካችሁ ላይ የቼዝ አፕ ካለ አንድ ነገር አስቡ። ኮምፒውተሩን «ዛሬ ንግሥቷ አንድ ካሬ ብቻ ነው የምትሄደው» ብትሉት ይሰማችኋል? በጭራሽ! የዓለም ሻምፒዮንን የሚረታ ፕሮግራም፣ የጎረቤት ልጅ በአንድ ደቂቃ የሚገባውን የሕግ ለውጥ አይቀበልም። ለምን ይሆን?

መልሱ ያለው ኢንጂኑ ውስጥ ነው። የቼዝ ኢንጂን ማለት ሰሌዳውን የሚያሳየን ሥዕል ሳይሆን ከጀርባ ሆኖ ቀጣዩን እንቅስቃሴ የሚያሰላው ክፍል ነው። ሦስት ሥራዎች አሉት። አንደኛ፣ ሕጉ የሚፈቅዳቸውን እንቅስቃሴዎች ሁሉ ይዘረዝራል። ሁለተኛ፣ «እኔ ይህን ብጫወት እሱ ምን ይመልሳል? ከዚያስ እኔ?» እያለ ወደፊት ይሄዳል። ሦስተኛ፣ የደረሰበትን አቀማመጥ አይቶ ማን እንደሚበልጥ በቁጥር ይገምታል።

በመደበኛው ቼዝ ነጩ ሲጀምር 20 ምርጫ አለው፤ ጥቁሩም እንዲሁ 20። ሁለቱ አንዳንድ ጊዜ ብቻ ተጫውተው እንኳ 400 መንገድ ይኖራል። ይህን ሁሉ ለማሰስ ፍጥነት ስለሚያስፈልግ፣ ኢንጂን የሚጽፉ ሰዎች የቼዝን ሕግ ኮዱ ውስጥ አጥብቀው ያስሩታል። ፕሮግራሙ እልኸኛ የሚመስለን ለዚህ ነው።

ሕጉን ከኮዱ መፍታት

ስቶክፊሽ የሚባለው ዝነኛ ኢንጂን በ2008 እ.ኤ.አ. ግላውሩንግ ከተባለ ሌላ ኢንጂን ኮድ ተነሥቶ ነው የተሠራው። ኦፕን ሶርስ ነው፤ ማለትም ኮዱን ማንም ሰው ማንበብና መቀየር ይችላል። ቀይሮ ለሌሎች የሚያከፋፍል ግን የራሱንም ኮድ ክፍት የማድረግ ግዴታ አለበት። ከስቶክፊሽ ደግሞ ፌሪ-ስቶክፊሽ ተወለደ። የቻይናውን ሺያንግቺ፣ የጃፓኑን ሾጊ፣ የኮሪያውን ጃንጊ፣ የታይላንዱን ማክሩክና ሌሎች ብዙ የቼዝ ዓይነቶችን ይጫወታል።

ደስ የሚለው ነገር፣ አዲስ ጨዋታ ለማስገባት ብዙ ጊዜ ፕሮግራመር መሆን አያስፈልግም። ሰሌዳው ስንት በስንት እንደሆነ፣ እያንዳንዱ ጠጠር እንዴት እንደሚሄድና ጨዋታው እንዴት እንደሚያልቅ አንድ የጽሑፍ ፋይል ላይ ታሰፍራላችሁ። «የቀረው እንደዚያኛው ጨዋታ ይሁን» ማለትም ይቻላል።

ሕግ ሲቀየር ግን ግምቱም አብሮ ይቀየራል። እስቲ ወረቀት ላይ 8 በ8 ሰሌዳ ሥሩ። በጥንታዊው ጨዋታ ፊል፣ ማለትም ዝሆኑ፣ በሰያፍ ልክ ሁለት ካሬ ይዘላል፤ መሀል ላይ ጠጠር ቢኖርም ግድ የለውም። አንድ ፊል ከመነሻው ተነሥቶ የሚደርስባቸውን ካሬዎች በሙሉ ምልክት አድርጉባቸው። ስንት ሆኑ? መነሻውን ጨምሮ ከ64ቱ 8 ብቻ! በዘመናዊው ቼዝ እሱን የተካው ቢሾፕ 32 ካሬ ያዳርሳል። ስለዚህ ለቢሾፕ የተሰጠውን ዋጋ ለፊል የሚሰጥ ኢንጂን ያለጥርጥር ይሳሳታል።

ክፍት ኮድ የሚጠቅመው ለተቀባዩ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የጃፓን ፕሮግራመሮች ከስቶክፊሽ የፍለጋ ዘዴውን ወስደው የሾጊ ኢንጂን ሠሩ። በ2018 እ.ኤ.አ. ዩ ናሱ የተባሉ ጃፓናዊ ለሾጊ ብለው፣ በመደበኛ ኮምፒውተር ላይ በፍጥነት የሚሠራና አቀማመጥን የሚገመግም ኒውራል ኔትወርክ ፈለሰፉ። በ2020 እ.ኤ.አ. ይኸው ዘዴ ስቶክፊሽ ውስጥ ገብቶ ጉልበቱን በጣም ጨመረለት። ብድሩ ከነወለዱ ተመለሰ ማለት ነው።

ወረራ ሲመጣ

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። «ሰንጠረዥ» ሲባል ዛሬ ቶሎ ትዝ የሚለን ቁጥር የሚሞላበት ነው። ነገር ግን የኢትዮጵያ ባህላዊ ቼዝ ስምም ነው። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ስለ ታሪኩና ስለ ሕጉ ጽፈዋል። ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደርና መደቅ አሉት። የጠጠሮቹ አካሄድ ጥንታዊውን ሻትራንጅ ስለሚመስል ይህን ለኢንጂን ማስረዳት አያስቸግርም።

ጉዱ ያለው አጀማመሩ ላይ ነው። ሰንጠረዥ በወረራ ይከፈታል፦ ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች አንዱ የሌላውን እያየ፣ የፈለጉትን ያህል ጊዜ ጠጠሮቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ተራ መጠበቅ የሚጀመረው የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው።

ኢንጂኑን አስቡት። አስተሳሰቡ ሁሉ የቆመው «እኔ፣ ከዚያ እሱ፣ ከዚያ እኔ» በሚለው ላይ ነው። ታዲያ ምን ይሻላል? አንድ ዘዴ አለ። በኮሪያው ጃንጊ ተጫዋች ተራውን ማለፍ ይችላል። በወረራ ጊዜም ሁለቱም ማለፍ ቢፈቀድላቸው፣ አንዱ ሲያልፍ ሌላው ሁለትና ሦስት ጊዜ መደዳውን መጫወት ይችላል። ወረራን ይመስላል፣ አይደል? ይህ ፈቃድ ግን የመጀመሪያው ጠጠር እንደተበላ መቆም አለበት። ለዚህ ፋይሉ ላይ የሚጻፍ ትእዛዝ ካልተገኘ ኮዱን ራሱን መክፈት ይጠይቃል፤ እሱም ለማንም ክፍት ነው። እንዲያም ሆኖ የእጅ ቅልጥፍናና ሁለት እጆች እኩል ሰሌዳው ላይ ማረፋቸው ይቀራል።

«ወረራውን ትተን የቀረውን ብናስገባስ?» ትሉ ይሆናል። ይቀላል። ግን የሚተርፈን በአማርኛ ስም የተጠራ ሻትራንጅ ነው፤ ሰንጠረዥን ሰንጠረዥ ያደረገው ተጥሎ ይቀራል። ልጆች ጨዋታን ከስክሪን በሚማሩበት ዘመን ደግሞ ፕሮግራሙ ውስጥ ያልገባ ሕግ ቀስ በቀስ ይረሳል።

ስለዚህ ኮምፒውተር ከመክፈታችሁ በፊት ከጓደኛችሁ ጋር አንድ ወረራ ሞክሩና ሕጉን አንድም ሳታስቀሩ ጻፉት። ሁለታችሁም አንድ ካሬ ላይ እኩል ብትደርሱ ማን ቀደመ ይባላል? ያነሣችሁትን ጠጠር መመለስ ትችላላችሁ? ጨዋታውን የሚያውቁ አዛውንት ካገኛችሁም ጠይቋቸው። ለኮምፒውተሩ የምትነግሩት የሚጀምረው ከዚያ ወረቀት ነው።