ብረቱ የሚመሰክረውና ወረቀቱ የሚለው

በ1970 እ.ኤ.አ. የተሠራ ሼቭሮሌ ሼቭል ኤስኤስ ጎኑ ላይ «396» የሚል ምልክት ስላለው የሞተሩ ይዘት 396 ኪዩቢክ ኢንች ነው ማለት አይደለም። ፋብሪካው የሲሊንደሮቹን ቀዳዳ አስፍቶ ሞተሩን ወደ 402 ካሳደገው በኋላም ገበያው የለመደውን ቁጥር አልነካውም። የፋብሪካው የራሱ ምልክት እንዲህ ከሆነ፣ ዛሬ ማንኛውም ጋራዥ ገዝቶ ሊለጥፈው የሚችለው «454» ምን ያህል ይታመናል? አሜሪካውያን «ማስል ካር» የሚሏቸው፣ መካከለኛ አካል ላይ ትልቅ ሞተር የተጫነባቸው እነዚህ መኪኖች ዋጋቸው የሚወሰነው በሞተራቸው ነውና ጥያቄው የገንዘብም ጥያቄ ነው። ገዢዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ግን ሁለት ጉዳዮችን አንድ ስለሚያደርጉ ይመስለኛል። ሞተሩ የትኛው እንደሆነ ብረቱ ይመሰክራል፤ የፈረስ ጉልበቱን ግን ብረቱ ላይ ፈልጎ የሚያገኘው የለም።

ሊብሬ የያዘ ሰው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ለየብቻ እንደሚጻፉ ያውቃል። በዘመኑ ፎርድና ክራይስለር ከመኪናው መለያ ቁጥር አምስተኛውን ምልክት ለሞተሩ ዓይነት ሰጥተውት ነበር። የ1970 ሼቭል መለያ ቁጥር ግን ቪ8 መሆኑን ከመናገር አያልፍም፤ ስለዚህ ኮፈኑን ከፍቶ ከቀኙ ቴስታታ ፊት ያለችውን ጠፍጣፋ ገጽ ማጽዳት ግድ ነው። እዚያ የተመታው ጽሑፍ በ«ቲ» ከጀመረ ሞተሩ የተገጣጠመው ኒውዮርክ ግዛት ቶናዋንዳ ነው፤ ቀጥሎ ወሩና ቀኑ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ የዓይነቱ ፊደላት ይመጣሉ። «ሲአርቪ» በዚያ ዓመት ማኑዋል ካምቢዮ ያለው ኤልኤስ6፣ ማለትም ከ454ቶቹ ብርቱው ነው። ብሎኩ ሲቀረጽ አብሮት የወጣው ትልቁ ቁጥር፣ 3963512፣ ግን ብዙዎችን ያሳስታል፤ ደካማው ኤልኤስ5ም ይጋራዋልና ሁለቱን አይለይም።

ፊደላቱን ፍቆ ዳግም መምታት አይቻልም ወይ? ይቻላል፣ ይደረጋልም። ነገር ግን አጭበርባሪው ፋብሪካው ገጹን ሲልግ የተዋቸውን ቀጫጭን ጭረቶች ማስመሰል ይከብደዋል። ቀኖቹም መጣጣም አለባቸው፤ ብሎኩ የተቀረጸበት ቀን ሞተሩ ከተገጣጠመበት፣ ያም መኪናው ከተሠራበት መቅደም ይኖርበታል። በዚህ ላይ ብሎኩ ላይ የተመታው የመኪናው መለያ ቁጥር ቁራጭ አለ፤ ዕድል ከቀናም ከነዳጅ ጋኑ አናት ላይ የቀረው የመገጣጠሚያ ወረቀት ይገኛል። አንዱን ማስመሰል ቀላል ነው፤ ሁሉንም አስማምቶ መዋሸት ግን ሌላ ሙያ ይጠይቃል።

የፈረስ ጉልበቱ ነገር ይለያል። በ1970 ኤልኤስ6 450፣ ኤልኤስ5 360 ፈረስ ተብለው ተሸጡ። በ1971 ኤልኤስ5 ርካሽ ቤንዚን እንዲጠጣ ኮምፕሬሽኑ ከ10.25 ወደ 8.5 ቢወርድም የተጻፈለት ጉልበት 365 ሆነ። ሲደክም ቁጥሩ ጨመረ! በዚያው ዓመት ጄኔራል ሞተርስ ለዚሁ ሞተር ሁለተኛ ቁጥር አወጣ፦ 285። ሰማንያ ፈረስ የወሰደው የመለኪያው መቀየር ብቻ ነው። የድሮው ልኬት ሞተሩን ብቻውን ማቆሚያ ላይ፣ ያለ አየር ማጣሪያና ያለ መኪናው ማርሚታ ያስነሳ ነበር፤ አዲሱ መኪናው ላይ እንዳለ ሸክሙን አስይዞ ይለካል። ስለዚህ የ1972ቱን 270 ከ1970ው 360 ጋር አስተያይቶ «ዘጠና ፈረስ ጠፋ» የሚል ሰው ሜትርን ከክንድ ጋር እያነጻጸረ ነው።

ይህን ሁሉ ከመመርመር መኪናውን ዳይናሞሜትር ላይ አውጥቶ መለካት አይቀልም ወይ የሚሉ አሉ። መሣሪያው አይዋሽም፤ የሚያሳየው ግን ካምቢዮውና ዲፈረንሺያሉ ድርሻቸውን ከወሰዱ በኋላ ጎማው ላይ የደረሰውን ነው። ሃምሳ ዓመት ውስጥ ካምሻፍቱ፣ ፒስተኑና ካርቡራተሩ ተቀይረው ሊሆን ስለሚችል፣ ቁጥሩ የመጨረሻው መካኒክ ሥራ እንጂ የቶናዋንዳ ላይሆን ይችላል። በደንብ የተነካካ ኤልኤስ5 እዚያ መሣሪያ ላይ ኤልኤስ6ን ሊበልጥ ይችላል፤ ገጹ ላይ ያሉት ፊደላት ግን በዚህ አይቀየሩም።