ሁመር ወይስ «የህንድ ቴምር»?

«ታማሪንድ» የሚል ቃል የገጠመው ተርጓሚ ሦስት መንገድ አለው፤ ይኸውም ቃሉን እንዳለ መውሰድ፣ ፍቺውን መተርጐም፣ ወይም ያገሩን ስም መፈለግ ነው። ቃሉ የመጣው ከዐረብኛው «ተምር ሂንዲ» ሲሆን «የህንድ ቴምር» ማለት ነው። ነገር ግን ይህ ፍቺ በሁለት በኩል ያሳስታል። አንደኛ፣ ዛፉ ከባቄላ ወገን እንጂ ከዘንባባ ወገን አይደለም። አበባው ቀይ መሥመር የጣለበት ብጫ ነው፤ የሚበላውም በቡናማ ቅርፊት ውስጥ ዘሩን የሸፈነው ኮምጣጣ ክፍል ነው። ሁለተኛ፣ ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 «ታማሪንዱስ ኢንዲካ» ብሎ ቢሰይመውም፣ የዕፅዋት ሊቃውንት ጥንተ አገሩን አፍሪካ ያደርጉታል።

ዛፉ የቆላ ነውና በመካነ ኢየሱስ ደጋ የሚኖር አንባቢ በደጁ አያገኘውም፤ ምስሉን የሚቀበለው ከቃሉ ብቻ ነው። «የህንድ ቴምር» ብንለው ጣፋጭ የዘንባባ ፍሬ ይታየዋል፤ «ታማሪንድ» ብንለው ምንም አይታየውም። «ሁመር» ብንለው ግን፣ ቃሉን ባያውቀው እንኳ፣ ቆላ ወርዶ የሚጠይቅበት ስም ይዟል።

«ሁመር» በየመን ዐረብኛ ካለው «ሑመር» ጋር ይመሳሰላል፤ ሆኖም ዝምድናው አማርኛነቱን አይነሣውም። ኦሮምኛው ዛፉን «ሮቃ» ይለዋል፤ ይህም ስም በአማርኛ ገብቷል። ስለዚህ በመዝገበ ቃላት «ሁመር» ዋና ቃል፣ «ሮቃ» ተመሳሳዩ ሆነው እንዲሰፍሩ፣ «ታማሪንድ» ግን አንባቢውን ወደ «ሁመር» መምሪያ ብቻ እንዲሆን እናሳስባለን።