ተጨማሪ መረጃ፦ አሜሪካ የጸደቀ ዕቃ መካነ ሰላም ላይ ለምን ያውካል?

የሬዲዮ ሞገድ የሚያሰራጭ ዕቃ አገር ውስጥ ገብቶ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት የዓይነት ማረጋገጫ ያስፈልገዋል። ማረጋገጫው የሚሰጠው ለሞዴሉ እንጂ ለእያንዳንዱ ዕቃ አይደለም። በአገራችን ኃላፊነቱ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

ሌላ አገር ያለፈ ዕቃ እንደገና መታየቱ ትርፍ ሥራ ይመስላል፤ ግን አይደለም። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ዓለምን በሦስት ቀጣና ከፍሏል። አፍሪካና አውሮፓ በአንደኛው፣ አሜሪካ በሁለተኛው ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ከ902 እስከ 928 ሜጋኸርዝ ያለው ሞገድ ለገመድ አልባ የበር ደወልና ለመሳሰሉት ያለ ፈቃድ ክፍት ነው። በእኛ ቀጣና ግን ከ880 እስከ 915 ሜጋኸርዝ ያለው የሞባይል ስልክ ወደ ማማው የሚናገርበት መስመር ነው።

አሁን የመካነ ሰላም ከተማ የምትገኝበትን የወሎ ቦረና ተራሮች እናስብ። ወደ ዓባይ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ሆኖ የሚደውል ገበሬ የስልኩ ሞገድ ማማው ዘንድ ሲደርስ ጉልበቱ ከዋት ቢሊዮንኛ እጅግ ያንሳል። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ደወል ከማማው አጠገብ ሲበራ ያን ደካማ ድምፅ ሊውጠው ይችላል። የገበሬው ስልክ ሙሉ ኔትዎርክ እያሳየ ጥሪው አይወጣም፤ ምክንያቱም ስክሪኑ ላይ ያሉት መስመሮች የሚለኩት ከማማው የሚመጣውን ሞገድ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ ሲገዛ ጀርባውን ማየት ይበጃል፦ ለአሜሪካ የተሠራው ብዙ ጊዜ 915፣ ለአውሮፓ የተሠራው 868 ሜጋኸርዝ ይላል።