ፍሊቱን ከማንሳትዎ በፊት

ክረምቱ አልፎ መጋረጃዎቹን ለማጠብ ስናወርድ፣ በልጆቹ መኝታ ቤት መስኮት ጥግ ላይ እንቁላል የሚያክል የደረቀ ጭቃ ተለጥፎ አገኘን። ባለቤቴ “ተርብ ነው፤ ሕፃኑን ሳይነድፍብን” ብላ ፍሊት አነሳች። ዓመት ያልሞላው ልጅ በሚተኛበት ክፍል ፍሊት መንፋት ደግሞ ለእኔ ከተርቡ የባሰ ነው። ጭቅጭቁ ሳይከር ጭቃውን ቀረብ ብለን ለማየት ተስማማን።

እርሳስ የሚያስገቡ ክብ ቀዳዳዎች ነበሩት። ብዙውን ጊዜ ይህ ልጆቹ አድገው ወጥተዋል ማለት ነው። ጭቃ የምትለጥፈው ተርብ ብቻዋን የምትኖር ናት። ጭቃውን በአፏ እያመላለሰች ትንንሽ ክፍሎች ትሠራለች፤ በየክፍሉ ነድፋ ያደነዘዘቻቸውን ሸረሪቶች ትጠቀጥቅና አንድ እንቁላል ጥላ ትደፍነዋለች። ሸረሪቶቹ ወዲያው አይሞቱም፤ ለሚፈለፈለው እጭ ሳይበላሹ የሚቆዩ ስንቅ ናቸው። (ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ለሸረሪቶቹ አዘነች።) እናትየዋ ከደፈነችው በኋላ ቤቱን አትጠብቅም፤ በእጅ ካልያዟት በቀር ሰው የምትነድፈው እምብዛም ነው። ጭቃውን በቢላዋ ፍቆ መጣል ይበቃል።

መፈራት ያለበት ሌላው ነው። ከግራጫ ወረቀት የተሠራ ይመስላል፤ በቀጭን ዘንግ ተንጠልጥሎ ባለ ስድስት ማዕዘን ክፍሎቹ ወደ ታች ተከፍተው ይታያሉ። የዚህኛው ነዋሪዎች በማኅበር የሚኖሩ ተርቦች ናቸው፤ ቤታቸው ሲነካ ተባብረው ይናደፋሉ። መስኮቱን ዘግቶ ሥራውን የሚያውቅ ሰው መጥራት ነው።

በእንቁላሎች በኩል ግን አንድ ጥፋት ሠርቻለሁ። ዓምና ከጽጌረዳችን በላይ ባለው የመስኮት ፍሬም ላይ፣ ፀጉር በሚያክሉ ክሮች ጫፍ የቆሙ ነጫጭ ነጠብጣቦች አየሁ። ሻጋታ መስለውኝ በጨርቅ ጠረግኳቸው። ለካ ክንፏ መረብ የሚመስል አረንጓዴ በራሪ እንቁላሎች ነበሩ፤ እጮቿ ክሽክሽ በልተው ነው የሚያድጉት። ጽጌረዳውን በዚያው ሰሞን ክሽክሽ ወረሰው።

መስታወት ላይ እንደ በርሜል ተደርድረው የሚለጠፉት ጥቃቅን እንቁላሎች ደግሞ ሲነኩ የሚገሙት የቅጠል ትኋኖች ናቸው። ስማቸው ቢያስደነግጥም ከአልጋ ትኋን ጋር አይገናኙም።

ከፍሬሙ ጀርባ ቦርሳ የምትመስል፣ ከ1 ሳንቲ ሜትር የምታንስ ቡናማ ከረጢት ካገኙ ግን በረሮ ነው። በትልቁ በረሮ አንድ ከረጢት ውስጥ 16 ያህል እንቁላሎች ይኖራሉ። ቅርፊቱ መርዙን ስለሚከላከል እዚህም ቢሆን ፍሊት ብዙ አይረዳም፤ ለቅሞ ማድቀቅ ይሻላል። እኛም ሁለት አግኝተን በወረቀት ጠቅልለን አደቀቅናቸው። ፍሊቱ ሳይከፈት ወደ መደርደሪያው ተመለሰ።