ፊደል መቁጠርና ማንበብ፦ የ1ኛ ክፍል ልጆች የመጀመሪያ ዓመት

በአማርኛ «ፊደል የቆጠረ» ማለት የተማረ ማለት ነው። አነጋገሩ የቄስ ትምህርት ቤቱን ልጅ ያስታውሳል፤ የኔታ ፊት ተቀምጦ፣ በስንደዶ እየጠቆመ፣ ገበታውን ከ«ሀ» እስከ «ፐ» የሚዘልቀውን። ዛሬ በ7 ዓመታቸው 1ኛ ክፍል የሚገቡ ልጆችም ሥራቸውን የሚጀምሩት እዚያው ላይ ነው። መስከረም ላይ በትምህርት ቤት አጥር ሥር የሚያልፍ ሰው «ሀ ሁ ሂ ሃ» የሚለውን የልጆች ድምፅ ይሰማል። ሰኔ ሲደርስ ግን ያንን ዜማ ሳይሳሳቱ ከሚያወርዱት ልጆች ብዙዎቹ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ሲሰጣቸው ዝም ይላሉ። ወላጆችን፣ መምህራንንና የትምህርት ባለሥልጣናትን ለዓመታት ሲያከራክር የኖረው ጥያቄ ይኸው ነው፦ ፊደሉን በቃሉ የሚወጣ ልጅ ማንበብ የሚያቅተው ለምንድን ነው?

በቄስ ትምህርት ቤት ልጁ መጀመሪያ ፊደሉን ወደ ጎን፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ፣ በዜማ ያጠናል። ይህ ሲያልቅ በቀጥታ ወደ ንባብ አይገባም፤ አቡጊዳ ይጠብቀዋል። በአቡጊዳ ገበታ ሆሄያቱ ተራቸው ይለወጣል። የመጀመሪያው መስመር «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ነው፤ የ«አ»ን ግዕዝ፣ የ«በ»ን ካዕብ፣ የ«ገ»ን ሣልስ እያለ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ይዘላል። የለመደው ዜማ እዚህ አያገለግልም፤ ልጁ እያንዳንዱን ሆሄ በመልኩ ካላወቀው መቀጠል አይችልም። የዮሐንስ መልእክት የሚሰጠው ከዚህ ወዲያ ነው። እሱም ቢሆን በአንድ ጊዜ አይነበብም። ቁጥር በሚባለው ደረጃ ፊደል በፊደል ይለቀማል፤ ከዚያ በግዕዝና በውርድ ንባብ አልፎ በመጨረሻ ቁም ንባብ ላይ ሲደርስ ቃሉ ሳይደናቀፍ ይፈስሳል።

ለሁሉም ልጆች አንድ ዓይነት ትምህርት በአንድ ቀን አይሰጥም ነበር። እያንዳንዱ በደረሰበት ይቀጥላል፤ ገፋ ያለው ጀማሪውን ያስቀጽላል፤ የኔታም ልጁን ለብቻው ይሰሙታል። ድክመቱም ግልጽ ነው። ጽሑፉ ልጁ በቤቱ የማይናገረው ግዕዝ ስለሆነ ዳዊት ደግሞም ያነበበውን የማይረዳ ብዙ ነበር፤ አለንጋውም አይረሳም። በቁርኣን ትምህርት ቤትም ልጆች የማይናገሩትን ዐረብኛ ጮክ ብለው ማንበብ ይለምዱ ነበር። ዘመናዊው ክፍል ከዚህ ውርስ ዜማውን ይዞ ቀረ። ዜማውን የሚሰብረው አቡጊዳና እያንዳንዱን ልጅ ለብቻ መስማት ግን ቦታቸው እየጠበበ ሄደ። ትልቁ ጉድለት ያለው እዚህ ላይ ነው።

ጉድለቱ ምን እንደሚመስል አንድን ልጅ ቀረብ ብሎ በማየት ይታወቃል። ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ገበታ «ኖ» ሲጠቆምለት ወዲያው አይመልስም። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ «ነ ኑ ኒ ና ኔ ን» ብሎ ሰባተኛው ላይ ሲደርስ «ኖ!» ይላል። መልሱ ትክክል ነው፤ መምህሯም «አጨብጭቡለት» ትላለች። ልጁ ያደረገው ግን ቆጠራ ነው። «ኖራ» የሚል ቃል ቢጻፍለት ለ«ኖ» ሰባት፣ ለ«ራ» አራት ድምፅ ያወርዳል፤ «ራ» ላይ ሲደርስ «ኖ» ከሐሳቡ ወጥቷል። የ7 ዓመት ልጅ በአንድ ጊዜ በአእምሮው ይዞ የሚቆየው ነገር ጥቂት ነው። ሆሄውን ፈልጎ ለማግኘት የሚያጠፋው ጉልበት ሁሉ ቃሉን ለመገጣጠም ከሚያስፈልገው ላይ ይቀነሳል። ሆሄው እንደታየ ድምፁ ከአፍ እስኪወጣ ድረስ ንባብ አልተጀመረም።

ፊደሉ ለልጅ ከባድም ቀላልም ነው። 33 ቤቶች በ7 ሲባዙ 231 ሆሄ ይሆናሉ፤ እንደ «ቋ» እና «ጓ» ያሉት ዲቃላዎች ሲጨመሩ ቁጥሩ ከዚያ ያልፋል። በድምፅ ከማይለዩት ከ«ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ»፣ ከ«ሰ» እና «ሠ» መካከል የትኛው የት እንደሚገባ ማወቅም ሌላ ዕዳ ነው። በሌላ በኩል እያንዳንዱ ሆሄ ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ የያዘ ስለሆነ የልጅ ጆሮ በቀላሉ ይለየዋል። «ሎሚ»ን እያጨበጨበ «ሎ»፣ «ሚ» ብሎ መክፈል ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠ ልጅም አያቅተውም። ቅርጹም ሥርዓት አለው። ካዕብ ከወገቡ በስተቀኝ ቅጥያ ያወጣል፤ ሣልስ ቅጥያውን ወደ እግሩ ያወርዳል፤ ኃምስ እግሩ ላይ ቀለበት ያጠልቃል፦ ቡ፣ ቢ፣ ቤ፤ ሉ፣ ሊ፣ ሌ። ይህ የተነገረው ልጅ የሚሸመድደው በብዙ ይቀንሳል፤ እንደ «ሩ» እና «ፉ» ያሉትን አፈንጋጮች ለብቻ ይይዛቸዋል። ሳድስና ሳብዕ ግን ለደንብ አይመቹም። «ል»፣ «ስ»፣ «ን»፣ «ር» እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ ይሰበራሉ፤ ብዙ ጊዜ ሊሰጣቸው የሚገባውም ለዚህ ነው።

ሳድስ ሌላም ፈተና አለው፤ አንዳንዴ ድምፁ ይሰማል፣ አንዳንዴ ይዋጣል። «ትምህርት» የሚለው ቃል 5 ሳድስ ሆሄያት አሉት፤ ሲነገር ግን ለሁለት ብቻ ይከፈላል፦ ትም፣ ህርት። ልጁ አምስቱንም ገበታው ላይ እንደለመደው አንድ በአንድ ሲጠራቸው ከአፉ የሚወጣው በየቀኑ የሚናገረውን ቃል አይመስለውም። መምህሩ «በል ቶሎ ቶሎ አያይዘው» ሲሉትና ድንገት «ትምህርት!» ብሎ ፊቱ ሲበራ፣ ጽሑፍ የተቀመጠ ንግግር መሆኑ የሚገባው ያን ጊዜ ነው። የሚጠብቅና የሚላላ ድምፅም በጽሑፍ አይለይም። «ገና» በዓሉም ሊሆን ይችላል፣ ጊዜው አለመድረሱም፤ «አለ» ተናገረም ይሆናል፣ መኖርም። የትኛው እንደሆነ የሚያሳውቀው የዓረፍተ ነገሩ ትርጉም ብቻ ነው። ስለዚህ በአማርኛ «መጀመሪያ በደንብ ያንብብ፣ መረዳቱ በኋላ ይመጣል» የሚለው አካሄድ አያዋጣም፤ ያልተረዳ ልጅ በትክክል መጥራትም አይችልም።

ችግሩ በቁጥር የታየው በ2002 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት አዲስ አበባን ጨምሮ በ8 አካባቢዎች፣ በ6 ቋንቋዎች የሚማሩ የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ በአንድ ጮክ ብለው እንዲያነቡ ተደርጎ ተፈተኑ። ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። በአዲስ አበባ ያልቻሉት ከ10 ልጆች አንድ ያህል ሲሆኑ፣ በሲዳማ ከግማሽ በላይ ነበሩ። ውጤቱ ብዙዎችን አስደነገጠ፤ እነዚህ ልጆች ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት ክፍል ውስጥ የዋሉ ናቸውና።

ከዚህ ጋር አብሮ መታየት ያለበት ግን የትምህርት መስፋፋቱ ነው። የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲው በ1986 ዓ.ም. ሲወጣ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የነበሩት ልጆች 3 ሚሊዮን አይሞሉም ነበር፤ በ2007 ዓ.ም. ቁጥራቸው ከ18 ሚሊዮን አልፏል። የእረኛው፣ የውኃ ቀጂዋ ልጅ ክፍል መግባት የአንድ ትውልድ ትልቅ ሥራ ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ክፍሉና መምህሩ ግን በዚያው ፍጥነት አልበዙም። ደንቡ ለአንድ መምህር 50 ተማሪ ነው፤ አንድ ክፍለ ጊዜም 40 ደቂቃ ነው። መምህሯ ሰላምታም ሆነ ማብራሪያ ትታ ልጆቹን ተራ በተራ ብታስነብብ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 48 ሰከንድ ነው። ልጆቹ 80 በሚሆኑበት ክፍል 30 ሰከንድ ይሆናል። በኅብረት ማዜም የበዛው መምህራን ሰንፈው አይደለም፤ ለ80 ልጅ በአንድ ጊዜ የሚበቃ ሌላ ዘዴ በእጃቸው ስለሌለ ነው። በኅብረት ሲዜም ግን የማያውቀው ልጅ ከሚያውቀው ጀርባ ይደበቃል።

ከ2002ቱ የንባብ ጥናት በኋላ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በሲዳምኛ፣ በወላይትኛና በሀዲይኛ አዳዲስ የንባብ መጻሕፍት ተዘጋጁ፤ መምህራንም ሠለጠኑባቸው። አብሮ የመጣው ክርክር ፊደሉ በምን ተራ ይሰጥ የሚል ነው። «ሀ ለ ሐ መ» ብሎ ሁሉንም ቤቶች መጨረስ ወራት ይፈጃል፤ እስከዚያ ልጁ ምንም አያነብም። ሌላው መንገድ ጥቂት ቤቶችን መርጦ ወዲያው ቃል መሥራት ነው። የ«ለ»፣ የ«መ» እና የ«በ» ቤቶች ብቻ የተሰጡት ልጅ ላም፣ ልብ፣ ሎሚ፣ ሙሉ፣ በላ ብሎ ማንበብ ይችላል፤ «ለማ ሎሚ በላ» የሚል ሙሉ ዓረፍተ ነገርም ይደርሰዋል። በ21 ሆሄ ብቻ ልጁ አንባቢ ሆኖ ወደ ቤቱ ይገባል። ብዙ ወላጆች ግን ልጃቸው ሀሁን በተራ ካላወረደላቸው የተማረ አይመስላቸውም፤ ቅሬታውም ለመምህሩ ይደርሳል። ሁለቱን ማጣላት አያስፈልግም። ዜማው ሰልፍ ላይም፣ ቤት ውስጥም ሊቀጥል ይችላል፤ የክፍሉ ውድ ደቂቃ ግን ለቃል ሥራ ቢውል ይሻላል።

የቋንቋው ነገር ከዚህ አይለይም። የ1986ቱ ፖሊሲ ልጆች አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ፈቅዷል፤ እንግሊዝኛም ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ይሰጣል። በከተሞች ግን በአንድ ወንበር የተለያየ የቤት ቋንቋ ያላቸው ልጆች ይቀመጣሉ። አማርኛ የማይሰማ ልጅ «ለማ ሎሚ በላ»ን በድምፅ ሊያወጣው ይችላል፤ የተበላው ምን እንደሆነ ግን አያውቅም። ለእርሱ የመጀመሪያዎቹ ወራት ሥራ ንግግር ነው፦ ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ ዕቃ እያነሱ መጥራት።

በሒሳብም መልኩ ያው ነው። እስከ 100 የሚቆጥር ልጅ 7 ቆርኪ አምጣ ሲባል እፍኝ ሙሉ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ቁጥሩ ለእርሱ ገና ዜማ ነውና። ቆርኪውን አንድ በአንድ እየነካ ሲቆጥርና የመጨረሻው ቁጥር የሁሉም ብዛት መሆኑን ሲረዳ ነገሩ ይስተካከላል። እዚህ ላይ አማርኛ ያግዘዋል። «አሥራ ሦስት» ሲባል አሥርና ሦስት በግልጽ ይሰማሉ፤ አሥር ቆርኪ በአንድ ወገን፣ ሦስቱን በሌላ ወገን ማስቀመጥ ለማሳየት ይበቃል።

1ኛ ክፍል የሚገቡት ልጆች ከአንድ መነሻ አይመጡም። አንዱ ሦስት ዓመት መዋዕለ ሕፃናት ውሎ እርሳስ አያያዝ፣ ወረፋ መጠበቅና ስሙን መጻፍ ለምዷል፤ ሌላዋ እርሳስ የያዘችው መስከረም ላይ ነው። ይህን ልዩነት ለማጥበብ ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ዜሮ ክፍል ተከፈተ፤ ተለቅ ያሉ ተማሪዎች ታናናሾቻቸውን በጨዋታ የሚያለማምዱበት መርሐ ግብርም ተጀመረ። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ ፖሊሲ የሁለት ዓመት ቅድመ አንደኛን የሥርዓቱ አካል አድርጎታል። በጦርነት ምክንያት ትምህርት ቤቶች ለዓመታት በተዘጉባት ትግራይ ደግሞ በ9 እና በ10 ዓመታቸው ሀሁ የጀመሩ ልጆች አሉ፤ ለእነርሱ የ7 ዓመት ልጅ መጽሐፍ ብቻውን አይበቃም።

የመጨረሻው የክርክር ነጥብ ዝውውሩ ነው። ልጆች እስከ 3ኛ ክፍል ሳይወድቁ እንዲያልፉ የተወሰነው በተከታታይ ምዘና ይታገዛሉ ተብሎ ነው፤ መውደቅ ትንንሽ ልጆችን ከትምህርት ቤት እንደሚያስቀር ስለሚታወቅም ሐሳቡ ተገቢ ነበር። ምዘናው በስም ብቻ ሲቀር ግን የማያነበው ልጅ ማንም ሳያየው ያልፋል። እርሱን ለማግኘት ብዙ ወረቀት አያስፈልግም። ጥር ላይ ገበታው ተሸፍኖ፣ ሃያ ያህል ሆሄ ተራቸው ተዘበራርቆ በሰሌዳ ላይ ተጽፎ፣ ልጁ መምህሯ ዴስክ አጠገብ ቆሞ ይጠራቸዋል። ሥራው የአቡጊዳ ሥራ ነው፤ የሚፈጀውም ከአንድ ደቂቃ ብዙ አይበልጥም። በዚያ ቀን ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ የሚቆጥረው ልጅ ከታወቀ፣ እስከ ሰኔ አምስት ወር ያህል ይቀረዋል።