የጫማ ሰፊው ልጅ
ሼቭቼንኮ የሚባለው የዩክሬን ስም ከወዴት እንደ መጣ

በአገራችን ልማድ ልጅ በአባቱ ስም ስለሚጠራ፥ ትውልድ ባለፈ ቍጥር ስሙም አብሮ ይለወጣል። በዩክሬን ግን አንድ የቤተ ሰብ ስም ከአያት ወደ ልጅ ልጅ እየተላለፈ ብዙ መቶ ዓመት ይኖራል። ስለዚህ በስሙ ውስጥ የቀድሞው አባት ሥራ ተሰውሮ ይገኛል። ዛሬ ከነዚህ ስሞች አንዱን መርምረን ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ ወደድን።

በዩክሬን ቋንቋ ጫማ ሰፊ «ሽቬትስ» ይባላል፤ ይኸውም መስፋት ከሚለው ግስ የወጣ ነው። በመጨረሻው «ኤንኮ» የሚለው ቅጥያ ሲጨመርበት ድምፁ ጥቂት ተለውጦ «ሼቭቼንኮ» ይሆናል። «ኤንኮ» ማለት ልጅነትን ወይም ታናሽነትን የሚያመለክት ነውና፥ የስሙ ፍች የጫማ ሰፊው ልጅ ማለት ነው። በምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል ግን ይኸው ስም «ሼቭቹክ» እየተባለ ይነገራል።

እንደዚሁም ኮቫሌንኮ የቀጥቃጩ፥ ሆንቻሬንኮ የሸክላ ሠሪው፥ ቦንዳሬንኮ የበርሜል ሠሪው፥ ሜልኒቼንኮ የባለ ወፍጮው ልጅ ማለት ነው። በአንድ መንደር ስማቸው አንድ የሆነ ብዙ ሰዎች ሲገኙ፥ ጎረቤትም ጸሓፊም አንዱን ከሌላው የሚለየው በእጁ ሥራ ነበር። በ1649 ዓመተ ምሕረት (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፤ ከዚህ በታች ያለውም ሁሉ እንደዚሁ ነው) ወደ 40,000 የሚሆኑ የኮሳክ ወታደሮች ስም በመዝገብ በተጻፈ ጊዜ፥ በ«ኤንኮ» የሚጨርሱት ስሞች እጅግ ብዙ ነበሩ። ከዚያም በኋላ ወስፌ ጨብጦ የማያውቅ የልጅ ልጅ እንኳ የጫማ ሰፊው ልጅ እየተባለ ኖረ።

ይህን ስም ከሁሉ ይልቅ ያስጠራው ባለቅኔውና ሠዓሊው ታራስ ሼቭቼንኮ ነው። በ1814 በኪየቭ አውራጃ ሞሪንትሲ በምትባል መንደር ተወለደ። ወላጆቹ ከርስቱ ጋራ የሚቈጠሩ የባለርስት ንብረት ስለ ነበሩ፥ እርሱም ሲወለድ የሰው ገንዘብ ሆኖ ተወለደ። ዕድሜው 12 ዓመት ሳይሞላ እናትና አባቱ ሞቱበት። ሥዕል መሣል መቻሉን ጌታው ባየ ጊዜ በሴንት ፒተርስበርግ ከተማ ለአንድ ሠዓሊ ደቀ መዝሙር አድርጎ ሰጠው።

በዚያም ታላቁ ሠዓሊ ካርል ብሩሎቭ የባለቅኔውን የዡኮቭስኪን መልክ ሣለ፤ ሥዕሉም በዕጣ ቀርቦ በተገኘው 2,500 ሩብል ታራስ በ1838 ነጻ ወጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ «ኮብዛር» የተባለው የቅኔ መጽሐፉ ታተመ። ነገር ግን ቅኔው ቤተ መንግሥቱን ስላስቈጣ በ1847 ተይዞ ወታደር ሆኖ ተጋዘ፤ እንዳይጽፍና እንዳይሥልም ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኒኮላስ አዘዙ። በግዞት 10 ዓመት ኖረ።

ዳግማዊ አሌክሳንደር እንደ ታራስ ወላጆች ያሉትን ሁሉ ነጻ የሚያወጣውን አዋጅ የፈረሙት መጋቢት 3 ቀን 1861 ነው። ታራስ ግን አዋጁ ለሕዝብ ሳይነበብ፥ ከተፈረመ አንድ ሳምንት በኋላ፥ በ47 ዓመቱ ዐረፈ።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። ታራስን ያዋረደው የጫማ ሰፊ ስሙ አልነበረም፤ በሰውነቱ ላይ የተቈረጠው ዋጋ ነበር እንጂ። 2,500 ሩብል ተከፍሎ አለቀ፤ ስሙ ግን ከ1939 ጀምሮ የኪየቭ ዩኒቨርሲቲ መጠሪያ ሆኖ ይኖራል። እንግዲህ ያ ስሙ ያልተጻፈልን ጥንታዊ ጫማ ሰፊ በወስፌው የሰፋው ጫማ አልቆ ጠፍቷል፤ ለልጆቹ የተወላቸው የሥራው ስም ግን እስከ ዛሬ አላረጀም።